ያልተረዳ መርዶ፦ የቤተሰብ ኀዘን፣ ምስጢርና የደሴት መሬት ያለበት ልቦለድ እንዴት እንጻፍ

ቤቱ ውስጥ የተቀበረ ነገር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ይሄማ ልቦለድ ይወጣዋል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይወጣዋል። ችግሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ከምስጢሩ ይጀምራል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደካደ ቀድሞ ያዘጋጃል። ገጽ ሃምሳ ላይ ሲደርስ ግን የሚጻፍ ነገር ያልቅበታል። እኔም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ሦስተኛው ላይ መንገዴን ቀየርኩ። ከመሬቱ ጀመርኩ። በእኛ አገር «የማን ልጅ ነህ?» እና «የትኛውን መሬት ታርሳለህ?» ለብዙ ዘመን አንድ ጥያቄ ነበሩ። መሬቱ በውሃ የተከበበ ሲሆን ደግሞ ሰው ሳይታይ አይገባም፣ ሳይታይም አይወጣም። እንዲህ ያለ ቦታ ታሪኩን ግማሽ መንገድ ያደርስላችኋል።

ለምሳሌ የምጠቀመው ጣናን ነው።

1. አንድ ደሴት ምረጡ፣ ከዚያም አትውጡ

ጣና ላይ ከሠላሳ በላይ ደሴቶች አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ገዳም ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ቤተሰብ ይኖራል፣ ይታረሳል፣ ከብት ይረባል። ለቤተሰብ ልቦለድ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ትልቁ ደሴት ደቅ ነው። ሜዳማ ነው፣ ገበሬ አለው። በምዕራብ በኩል እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ከደቅ በስተምሥራቅ ቅርብ ላይ ዳጋ አለ። ዳጋ ቁልቁለታም፣ በደን የተሸፈነ ኮረብታ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እሱ ላይ ነው፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት። ሴት ዳጋን አትረግጥም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ዝዋይን የመረጠ ሰውም ጥሩ ምርጫ አለው። ቱሉ ጉዶ ላይ የዛይ ሕዝብ አለ፣ የራሱ ቋንቋና ታሪክ ያለው። ግን እሱን የሚጽፍ ሰው ከዛይ ሰዎች ጋር ተቀምጦ መማር አለበት።

ደሴቱን ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ደብተር ለእሱ ብቻ ክፈቱ። ደብተሩ ውስጥ የሚገባው ታሪክ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው። ሰው በምን ይሻገራል? ነፋሱ የሚነሳው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚነሳ ሰው ጠዋት መሻገር ይመርጣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ገጸ ባሕርያችሁ ከሰዓት በኋላ ደሴት ላይ ተጣልታ ብትወጣ፣ እስከ ነገ ጠዋት መሄጃ የላትም። ከተጣላቻት እህቷ ጋር አንድ ቤት ታድራለች። ነፋሱ ምዕራፍ ጻፈላችሁ ማለት ነው።

ታንኳንም በደንብ እወቁት። ከደንገል ይታሰራል። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዋለበት አውጥተው ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ዕድሜው አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ አዲስ ይሠራል። የዓሣውን ስም በአካባቢው ስሙ ጻፉ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ። ሐይቁን ደግሞ የዳሩ ሰው ብዙ ጊዜ «ባሕር» ነው የሚለው። «ሐይቁን ተሻገርኩ» የሚል የደቅ ገበሬ ከጻፋችሁ፣ የዚያ አገር አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ላይ ያጥፈዋል።

መንገዱ የማይመች ሆኖ መሄድ ካልቻላችሁ፣ ከዚያ የመጡ ሰዎችን ፈልጉ። ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም፣ ውጭ አገርም አሉ። ስለ ምስጢር አትጠይቋቸው። ስለ ጠዋት ጠይቋቸው፤ ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ።

2. መሬቱን ማን ማን እንደያዘው ጻፉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን የመጽሐፉ አጥንት ይህ ነው እላለሁ።

በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት፣ መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ነበር። መጀመሪያ መሬቱን ያቀና አንድ አባት አለ፤ አቅኚ አባት ይባላል። ከእሱ መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ድርሻ መጠየቅ ይችላል። በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። እንግዲህ አስቡት። አባቱ የተደበቀበት ልጅ ስም ብቻ አይደለም ያጣው፤ አንድ ሙሉ የመሬት መስመር ነው ያጣው። አያቶቻችን ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥሩት ለጨዋታ አልነበረም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ ርስት በሕግ ቀረ። ሰው ግን ቆጠራውን በአንድ ቀን አልረሳም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ቦታ መሬት እንደገና ተደለደለ፤ አንዳንዱ ተቀነሰበት፣ አንዳንዱ አገኘ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተኳረፈ። በ1990ዎቹ ደግሞ የይዞታ ደብተር መጣ። ስም ተጻፈ። ዛሬ መሬት አይሸጥም፣ ይወረሳል፣ ይከራያል።

ለልቦለዳችሁ ከነዚህ ዓመታት አንዱን ምረጡ፣ ሁሉንም አትጫኑ። መምረጫው ይህ ነው፦ «ይህ ቤተሰብ ዝም ማለት የጀመረው መሬቱ የትኛው ላይ ሲነካ ነው?»

አንድ ወረቀት ላይ መሬቱን ሣሉ። ቅርጹ ባያምርም ግድ የለም። ዳጉሳው የት ነው? ቤቱ የት ነው? ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ የት ነው? አወዛጋቢው ማሳ የትኛው ነው? ለዚህ ባሕር ሸሽ የሚባለውን መሬት እመክራለሁ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጥ፣ ሲሞላ የሚሰጥም መሬት ነው። በ1995 ዓ.ም. የጣና ውሃ በጣም ቀንሶ ጀልባ እስከመቆም ደርሶ ነበር። ሰው የተገለጠውን መሬት አረሰው። ግማሽ ዓመት የሌለ መሬት የማን ነው? ይህን ጥያቄ ለአንድ ቤተሰብ ስጡት፣ ሌላው ይመጣል።

3. ምስጢሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ

አሁን ገና ወደ ምስጢሩ መጣን። እዚህ ላይ የራሴን ምሳሌ ላሳያችሁ።

ሁለት ወንድማማቾች ደቅ ላይ ያርሳሉ። የታናሽየው ሚስት በወሊድ ትሞታለች። ሰውየው ኀዘኑን አልቻለውም። ሕፃኑን ለወንድሙ ሰጥቶ፣ መሬቱን ለወንድሙ ትቶ፣ ዳጋ ገብቶ መነኮሰ። ታላቅየው ልጁን እንደ ራሱ አሳደገው። ሁለቱን መሬት አንድ አድርጎ በራሱ ስም አስመዘገበ። ልጁ አሁን 28 ዓመቱ ነው፣ ምንም አያውቅም። ታላቅየው ሞተ። አንዷ ልጁ ደቅ ላይ ትኖራለች፣ ሌላዋ ሜሪላንድ ናት።

ይኸው ነው። ነውረኛ የለበትም፣ ጨካኝ የለበትም። ፍቅርና ጥቅም አንድ ማሳ ላይ ተደበላልቀዋል። ታላቅየው ልጁን ስለወደደው ዝም አለ። መሬቱንም ስለወደደው ዝም አለ። የቱ እንደበለጠ እሱም አያውቀው። እንዲህ ያለ ምስጢር መጽሐፍ ይሸከማል። «ክፉ ሰው ደበቀ» የሚለው ግን ሦስት ምዕራፍ አይዘልቅም።

ቀጥላችሁ የሚያውቁትን ሰዎች ዝርዝር አውጡ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅና ለምን ዝም እንዳለ። የእኔን ዝርዝር ሳወጣ አንድ ነገር ገረመኝ። ደሴት ላይ ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው ሊኖር አይችልም። ሴትየዋ ስትቀበር ሁሉም ነበሩ። አልቅሰዋል፣ ንፍሮ ቀምሰዋል። እንግዲያው ምስጢሩ የተደበቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው።

4. ምስጢሩን እንደ መርዶ አስቡት

የዚህ መመሪያ ልቡ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መርዶ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሰው ይሞታል። ልጁ ሩቅ ነው። ዘመድ ሁሉ ይሰማል፣ እሱ ግን አይነገረውም። «ብቻውን ነው»፣ «ፈተና አለበት»፣ «ነፍሰ ጡር ናት» እየተባለ ቀን ይፈለግለታል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት ያንን ሁሉ ሰው በሩ ላይ ያየ፣ ማንም ሳይናገር ይረዳዋል። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያለ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። እናቱ ከሞተች ወር አልፏት፣ በስልክ «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» እየተባለ የከረመ ብዙ ነው።

መርዶ ማለት እንግዲህ ብዙ ሰው በፍቅር የሚጠብቀው ምስጢር ነው። ኀዘንና ምስጢር በኛ ባህል አንድ ቤት ያድራሉ።

ምሳሌያችንን በዚህ ዓይን እዩት። የ28 ዓመቱ ልጅ እናቱ ሞታለች፣ እስከዛሬ አልተረዳም። መቃብሯ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። በየእሑዱ በአጠገቧ ያልፋል። ደሴቱ በሙሉ 28 ዓመት ሙሉ የሚነግርበትን ቀን ሲፈልግለት ኖሯል፤ ቀኑ ግን አልመጣም። ይህን ሳገኝ መጽሐፉ ስለምን እንደሆነ ገባኝ።

በእናንተም ታሪክ ውስጥ ይህን ፈልጉ። «ለማን ያልተነገረ መርዶ አለ?» በሉ። የግድ የሞት መሆን የለበትም። የተሸጠ በሬ፣ የተቀደደ ውል፣ ተመልሶ ያልመጣ ወንድም ሊሆን ይችላል። መልሱን ካገኛችሁ የመጽሐፉን ትልቁን ትዕይንት አገኛችሁ፤ መርዶው የሚነገርበት ንጋት ማለት ነው። ይህን ትዕይንት አሁኑኑ ጻፉት፣ ተራውን አትጠብቁ። ማን ቀድሞ ገባ? ማን በር ላይ ቀረ? መናገር የነበረበት ሰው ተናገረ ወይስ ሌላው ቀደመው? ሲጨርሱ ማን ውሃ አመጣ?

5. ምዕራፎቹን በኀዘን ቀኖች ላይ ስቀሉ

መዋቅር አስቸገረኝ ለሚል ሰው አገሩ አዘጋጅቶለታል። ቀብር፣ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እያንዳንዱ ቀን ሰዎችን አንድ ቦታ ይሰበስባል። የማይነጋገሩ ሰዎች አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሁሉንም ቀን መጻፍ የለባችሁም። እኔ አራት መርጫለሁ፦ ቀብር፣ አርባ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት።

አሁን ቀኖቹን ከውሃው ጋር አጋጥሟቸው። የጣና ውሃ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። አሳዳጊ አባትየው ግንቦት 2 ቀን ሞቱ እንበል። ባሕር ሸሹ ማሳ ያኔ ደረቅ ነው፣ ሰው እያየው ይከራከርበታል። አርባው ሰኔ 11 ይሆናል፤ ዝናብ ጀምሯል። የሰኔ ጾም ከገባ ተዝካሩም የጾም ነው፣ ሥጋ የለም፤ ስለዚህ በግ ይዞ ሊታረቅ የመጣ ዘመድ በጉን ይዞ ይቆማል። ሰማንያው ሐምሌ 21 ነው፤ መሻገርም ይከብዳል። መንፈቁ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይውላል። ያን ጊዜ የተጣሉበት መሬት ውሃ ውስጥ ነው። ዳር ላይ ቆመው ውሃ ያያሉ። ሙት ዓመቱ እንደገና ግንቦት ነው፣ መሬቱ ይመለሳል።

ይህን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በመሃል መንገዱ ሲጠፋባችሁ ቀኑን ታያላችሁ፣ ማን የት እንዳለ ይነግራችኋል።

6. መልክዓ ምድሩ በር ይዝጋ

ዳጋን ያዙልኝ ብዬ ነበር። እውነቱን ከራሱ አፍ መናገር የሚገባው አንድ ሰው በሕይወት አለ፤ መነኩሴው። ሲመነኩስ ፍትሐት ተደርጎለታል፣ ለዓለም ሞቷል። ደቅ ላይ የምትኖረው የሟቹ ልጅ ልትጠይቀው ትፈልጋለች። ሴት ናትና ደሴቱን አትረግጥም። መላክ የምትችለው ማንን ነው? ቤት ውስጥ የቀረውን ወንድ፣ ያንኑ ልጅ። ማወቅ የሌለበት እሱ ብቻ ነው፤ ሄዶ መጠየቅ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። እሷ ጀልባው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

እንዲህ ያለውን ነገር ተቀምጦ ማሰብ አይቻልም። ቦታውን ካወቃችሁ ቦታው ይሰጣችኋል። የእናንተ ደሴት ላይስ ማን የት አይገባም? ማን ያለማን አይሻገርም? የጀልባው ባለቤት ከማን ጋር ተኳርፏል?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የንስሐ አባት ምስጢር እንዲያወጣ አታድርጉ። ቀላል መውጫ ነው፣ ግን አንባቢው አያምናችሁም፤ ቢያምንም አይምራችሁም። ዝም ያለ ቄስ ከተናገረ ቄስ ይበልጣል። ዓይኑን ወደ መቃብሩ ይጣል፣ ይበቃል።

7. የሙሾውን ቃል ራሳችሁ ግጠሙ

ለቅሶ ያለ ሙሾ የለም፤ በልቦለድም ያው ነው። የታወቀ ሙሾ አትገልብጡ። የሟቹን ኑሮ የሚነካ አዲስ ግጠሙ። ውሃ ለወሰደው ሰው እኔ እንዲህ ሞከርኩ፦

ታንኳህ ውሃ ጠጥቶ ፀሐይ ያደርቀዋል፣
አንተን ውሃ ጠጥቶህ ማን ያወጣልኛል?

ሙሾ ሌላም ጥቅም አለው። በወግ የማይነገረው በሙሾ ይነገራል። አልቃሿ ግጥም ውስጥ አንድ ቃል ሸጉጣ ታልፋለች፤ ትልልቆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ልጁ «ምን አለች?» ይላል። ምስጢሩ የመጀመሪያ ጊዜ የሚሾልከው እዚህ ቢሆን ይመረጣል። አንዴ ብቻ ይሁን። ስትደጋግሙት አንባቢው ቀድሟችሁ ይደርሳል።

8. የኑዛዜውን ነገር በሕጉ አረጋግጡ

የሞት አልጋ ኑዛዜ ሁሉም ይጽፋል፣ ብዙው ይሳሳታል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ይቻላል፤ ግን ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትና ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። የገጠር መሬት ውርስ ደግሞ የክልሉ የመሬት ሕግ አለበት፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ይህ ለታሪኩ ሲሳይ ነው። አባትየው ሊሞቱ ሲሉ «የታችኛው ማሳ የእሱ ነው» ቢሉ፣ መሬቱን በቃላቸው አያስተላልፉም። ግን ተናግረዋል። ሁለት ሰው ሰምቷል። ወረቀት የለም፣ ቃል አለ። ቤተሰቡ ከቃሉ ጋር ምን ያድርግ?

9. ንግግሩን አሳጥሩ

ያዘነ ሰው ረጅም አያወራም። «በላህ?» ይላል። «በሬዎቹ ገቡ?» ይላል። ልጅ ለአባቱ የሚናገርበትን መንገድም ጠብቁ። በዚያ አገር ለትልቅ ሰው «አንቱ» ብዙ ይሰማል፤ የአዲስ አበባውን «እርስዎ» ሁሉም አፍ ላይ አትጫኑ። ከሜሪላንድ የመጣችው ልጅ አንዴ ተሳስታ ቄሱን «አንተ» ብትል፣ ስንት ዓመት እንደራቀች ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ምስጢር የሚያውቅ ሰው ሲያወራ ምስጢሩን አያስብም። ስለ ጨው ያወራል። ልጁ ወደ መቃብሩ ሲጠጋ ብቻ ድምፁ ይቀየር።

10. አንድ ትልቅ ሰው ፊት አንብቡት፣ ከዚያ ጨርሱት

የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ ለጸሐፊ ጓደኛ አትስጡ። በዚያ አካባቢ ላደገ ትልቅ ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። «እንዲህ አይባልም» የሚልበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ዝም የሚልበትን ቦታ ደግሞ አትንኩት። ታሪኩ ከራሳችሁ ቤት የተወሰደ ከሆነ ደግሞ፣ ከመታተሙ በፊት በሕይወት ላለው ሰው ንገሩ። መርዶውን በመጽሐፍ አታርዱት።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሙት ዓመት ላይ ይሁን። ግንቦት ነው፣ ውሃው ሸሽቷል፣ መሬቱ እንደገና ታይቷል። ጭቃው ገና ለስላሳ ነው። ሁለት በሬና አንድ ቀንበር አለ። ማን እንደሚጠምድ፣ ማን ከኋላ ዘር ይዞ እንደሚከተል፣ ማን ዳር ቆሞ እንደሚያይ ወስኑና ያንን ጠዋት ጻፉ።